ኮምፒዩተራችንም ውል ያለው ጠባቂ ይኑረው



ከዚህ ቀጥሎ ያለውን አሳቤን በአንባብያን ደብዳቤ ዐምድ እንዲያወጡልኝ በትሕትና እለምናለሁ። ነገሩ ሲታይ የነጋዴ ጉዳይ ብቻ ይመስላል፤ ነገር ግን በቁጠባና ብድር ማኅበር ገንዘቡን የሚያስቀምጠውን የመንግሥት ሠራተኛ ሁሉ የሚነካ ነው።

በደባርቅና በዳባት ከተሞች ሱቁን፥ ሆቴሉን፥ መድኃኒት ቤቱንና የፎቶ ኮፒ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ ለተመለከተ ሰው፥ ኮምፒዩተርና ከኢንተርኔት መስመር ጋር የተያያዘ መሣሪያ ከዓመት ወደ ዓመት እየበዛ መምጣቱ ግልጽ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ ወዲህ ትንሹ ባለሱቅ እንኳ ሒሳቡን በስልክ መቀበል ለምዷል። የስሜን ተራሮችን ለማየት የሚመጣው እንግዳም ብዙ ጊዜ መኝታውን የሚይዘው በኢንተርኔት ሲሆን፥ ደባርቅ እንደ ደረሰ አስቀድሞ የሚጠይቀው የዋይፋዩን የይለፍ ቃል ነው።

ዳሩ ግን መሣሪያው ሲበዛ ጠባቂው አልበዛም። መሣሪያው በተበላሸ ዕለት ባለቤቱ የሚያደርገው የታወቀ ነው፤ «ሲስተም የለም» ብሎ ደንበኛውን ይመልሳል፤ ከዚያም «ኮምፒዩተር ያውቃል» የተባለውን ልጅ በስልክ ይፈልጋል። ልጁ ከተገኘ መጥቶ ይነካካል፤ ዋጋውንም ተቀብሎ ይሄዳል። ምን እንደ ነካ፥ የይለፍ ቃሉን ወደ ምን እንደ ለወጠው፥ ያንን ፍላሽ ቀደም ሲል የት የት ሲሰካው እንደ ዋለ የሚያውቅ የለም። እኛ በየዳ ያለነው ደግሞ ኮምፒዩተሩን በመኪና ጭነን ወደ ደባርቅ፥ በዚያም ካልተቻለ ወደ ጎንደር እንልካለን። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይህ ነው።

በዚህ አሠራር ጥፋቱ የልጁ አይደለም። መሣሪያ በተበላሸ ቁጥር የሚከፈለው ሰው እንጀራው ያለው በብልሽቱ ላይ ነው፤ በየወሩ የተወሰነ ገንዘብ የሚከፈለው ጠባቂ ግን እንጀራው ያለው በመሣሪያው ጤንነት ላይ ነው። አንዱ እሳት ሲነሣ የሚጠራ ነው፤ ሁለተኛው እሳቱ እንዳይነሣ ምድጃውን የሚያይ ነው።

አሳቡም ለነጋዴዎቻችን እንግዳ አይደለም። ስለ ሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ አጠቃቀም በ1999 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139፥ መሣሪያውን ገዝቶ ማስቀመጥ ብቻ እንደማይበቃ አይቶ፥ ነጋዴው ፈቃድ ካለው የአገልግሎት ማዕከል ጋር ውል እንዲዋዋልና መሣሪያውን በየዓመቱ እንዲያስመረምር ግዴታ አድርጎበታል። እንግዲህ መንግሥት የግብር ድርሻው የሚመዘገብበት መሣሪያ ያለ ጠባቂ እንዳይቀር ይህን ያህል ከተጠነቀቀ፥ ነጋዴው ሀብቱና ዕዳው ሁሉ የተጻፈበትን ኮምፒዩተር ያለ ጠባቂ መተዉ ምን ይባላል?

ከትልቁም ድርጅት ምሳሌ አለን። ኢትዮ ቴሌኮም በ2003 ዓ.ም. ሲቋቋም መንግሥት የሥራ አመራሩን ለፈረንሳዩ ፍራንስ ቴሌኮም በሁለት ዓመት ውል መስጠቱ ይታወሳል። የውሉ ጊዜ ሲያበቃ አመራሩ ወደ ኢትዮጵያውያን እጅ ተመልሷል። ከዚህ የምንማረው፥ ሥራን ለውጭ ባለሙያ መስጠት ነውር አለመሆኑንና ሥራው ግን በጽሑፍ፥ ለተወሰነ ጊዜ መሰጠት እንዳለበት ነው።

ያለ ውል የሚመጣውን ጉዳት ለማስረዳት፥ ስሙን መጥቀስ የማያስፈልገኝን አንድ የሠራተኞች የቁጠባና ብድር ማኅበር ላንሣ። የአባላቱ ሒሳብ የሚገኘው በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። ፕሮግራሙን የጫነው ወጣት ሥራ አግኝቶ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ፥ የይለፍ ቃሉም በጭንቅላቱ ውስጥ አብሮት ሄደ። ሰውዬው በስልክ እስኪገኝ ድረስ ብድር የሚጠባበቀው አባል ሁሉ ለሳምንታት እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ከአባላቱ መካከል ልጁን ታሞበት ለሕክምና ገንዘብ የሚፈልግ ነበረበት። በቃል ያለ ይረሳል፥ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል የሚለው ተረት ለኮምፒዩተርም ይሠራል።

ይሁን እንጂ ውል ማለት ጭፍን እምነት ማለት አይደለም። ሰኔ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. በውጭ አገር የደረሰው ለዚህ ምስክር ነው። ካሴያ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ የሚሸጠውንና ጠባቂ ድርጅቶች የደንበኞቻቸውን ኮምፒዩተር ከሩቅ ሆነው የሚቆጣጠሩበትን ፕሮግራም ወንበዴዎች ሰበሩት። በዚያው በር ገብተው፥ ራሱ ኩባንያው እንደ ገመተው ከ800 እስከ 1,500 የሚደርሱ ድርጅቶችን መዝገብ ቆልፈው ለመክፈቻው ገንዘብ ጠየቁ። በስዊድን አገር ኩፕ የተባለው የኅብረት ሥራ ድርጅት፥ የገንዘብ መቀበያ መሣሪያዎቹ በመቆማቸው በመቶ የሚቆጠሩ ሱቆቹን ዘጋ። የብዙ ቤት ቁልፍ በአንድ ሰው ኪስ ሲሰበሰብ፥ ኪሱ የተቀደደ ዕለት ጉዳቱ የሁሉም ነው።

ስለዚህ ውሉ ቢያንስ እነዚህን አምስት ነገሮች ቢይዝ መልካም ይመስለኛል።

አንደኛ፤ ጠባቂው በየወሩ የሚሠራው ሥራ ተዘርዝሮ ይጻፍ፤ ብልሽት ሲነገረውም በስንት ሰዓት ውስጥ እንደሚደርስ ይወሰን።

ሁለተኛ፤ የኮምፒዩተሩ፥ የራውተሩና የሒሳብ ፕሮግራሙ የይለፍ ቃል በወረቀት ተጽፎ፥ በፖስታ ታሽጎ በባለቤቱ ሣጥን ይቀመጥ፤ በተለወጠም ቁጥር ይታደስ። አንድ የይለፍ ቃል ለሁለት ቤት አያገልግል።

ሦስተኛ፤ የመዝገቡ ቅጂ በየሳምንቱ ተወስዶ ከሱቁ ውጭ፥ ከኮምፒዩተሩ ተለይቶ ይቀመጥ። ቅጂው መኖሩ ብቻ አይበቃም፤ ተከፍቶ የሚነበብ መሆኑ በየጊዜው ይፈተን።

አራተኛ፤ ከሩቅ ሆኖ ኮምፒዩተሩን የሚከፍተው በባለቤቱ ፈቃድ ብቻ ይሁን፤ የገባበትም ቀንና ምክንያት ይመዝገብ። ይህም ለሆቴሎቻችን ይበልጥ ያስፈልጋል፤ የእንግዶቹ ስምና የፓስፖርት ቁጥር በመዝገባቸው ይገኛልና፤ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016ም የሰው መረጃ የያዘ ሁሉ እንዲጠብቀው ኃላፊነት ጥሎበታል።

አምስተኛ፤ ውሉ ሲያበቃ ጠባቂው ቁልፉንና መዝገቡን በሰነድ ያስረክብ።

በእነዚህ ላይ፥ ጠባቂው ቅርብ ሰው መሆን እንዳለበት አሳስባለሁ። ከአዲስ አበባ ወይም ከባሕር ዳር ሆኖ በመስመር የሚያክም ባለሙያ መስመሩ ሲኖር ጥሩ ነው። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ ግን የሩቅ እጅ ምንም ሊሠራ እንደማይችል አይተናል። እጁ ደባርቅ ወይም ዳባት የሚገኝ ሰው ያስፈልጋል።

«የትንሽ ሱቅ ትርፍ ለዚህ አይበቃም» የሚል ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፤ እውነትም አለው። አንድ መድኃኒት ቤት ለብቻው ባለሙያ ቀጥሮ ሊያኖር አይችልም። ነገር ግን ኀምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፥ ለኀምሳ ሰው ጌጡ ነው። ዕድርና ዕቁብ የመሠረተ ሕዝብ፥ ዐሥር አሥራ አምስት ሆኖ አንድ ጠባቂ በወርኃዊ መዋጮ መያዝ አያቅተውም። ከዩኒቨርሲቲዎቻችን በኮምፒዩተር ትምህርት ተመርቀው ሥራ የሚፈልጉት ወጣቶችም ሁለት ሦስት ሆነው ቢደራጁ፥ ዕለት ዕለት ደንበኛ ከመለመን ድነው ወርኃዊ ገቢ ያገኛሉ።

ለዚህም የወረዳና የከተማ ንግድ ጽሕፈት ቤቶች ብዙ ወጪ የማይጠይቅ ርዳታ ሊያደርጉ ይችላሉ። አንድ ወይም ሁለት ገጽ የሆነ የውል ናሙና በቀላል አማርኛ አዘጋጅተው ለነጋዴዎችና ለማኅበራት ቢያድሉ፥ ብዙ ክርክርና ብዙ ኪሣራ ይቀራል። የቁጠባና ብድር ማኅበራት አባል የሆናችሁ የመንግሥት ሠራተኞችም፥ በሚቀጥለው ጠቅላላ ጉባኤ ስለ ትርፍ ክፍፍል ከመጠየቃችሁ በፊት፥ የመዝገባችን ቅጂ የት አለ፥ ቁልፉስ በማን እጅ ነው ብላችሁ ኮሚቴውን ጠይቁ። መልሱ «ልጁ ያውቃል» የሚል ከሆነ፥ ውሉን በዚያው ዕለት አጀንዳ አስይዙ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፤
አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህር
ከበየዳ