ያለፈው ሲጠየቅ ምን እንመልስ?



በዚህ በመርጡለ ማርያም ለጸጥታ ሥራ ሊመዘገብ ያሰበ አንድ ወንድም ወደ እኛ መጣ። በእንዲህ ያሉ የምልመላ ማስታወቂያዎች ላይ «ከሱስ ነጻ የሆነ» የሚል መስፈርት የተለመደ ነው። ወንድማችን ጌታን ከማግኘቱ በፊት ጫት ይቅም፣ ሐሺሽም ያጨስ ነበር። «ፓስተር፣ ድሮም ነክቶ አያውቅም ብለው ይጻፉልኝ» አለን። የእንጀራ ጉዳይ ነውና አዘንንለት። እንዲያ ብለን መጻፍ ግን አልቻልንም።

ወገኖች ሆይ፣ «ነጻ የሆነ» እና «ነክቶ የማያውቅ» አንድ አይደሉም። ነጻ የወጣ ሰው ታስሮ የነበረ ነው። ጳውሎስ ስለ አናሲሞስ ለፊልሞና ሲጽፍ የቀድሞውን አልደበቀም፤ ዕዳ ካለበት ግን በእኔ ላይ ይቆጠር አለ። የእውነት ምስክርነት እንዲህ ነው።

የአገራችን ሕግም ለተመለሰ ሰው መንገድ አለው። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 525 አደንዛዥ ዕፅ መጠቀምን ይቀጣል። ይኸው ሕግ «መሰየም» የሚባል ሥርዓትም አለው፤ ቅጣቱን ጨርሶ በመልካም ጠባይ የቆየ ሰው በፍርድ ቤት ሲሰየም ፍርዱ ከመዝገብ ይሰረዛል።

አሜሪካ ያሉ ልጆቻችንንም ይህ ጥያቄ ያገኛቸዋል። ምሥጢር የሚያዝበት የመንግሥት ሥራ ለሚፈልግ ሰው የሚሰጠው ኤስ ኤፍ 86 የተባለው ቅጽ ባለፉት 7 ዓመታት ስለ ተወሰደ ዕፅ ሲጠይቅ ኖሯል። እኛ ዘንድ በገበያ የሚሸጠው ጫት በውስጡ ባለው ካቲኖን ምክንያት እዚያ ክልክል ነው። ሆኖም ድሮ መጠቀም ብቻውን በሩን ለዘላለም አይዘጋም፤ ሰውየው ከተወ ስንት ጊዜ እንደ ሆነውና ኑሮው መለወጡ ይመዘናል። ሆን ብሎ መዋሸት ግን ራሱን የቻለ መከልከያ ነው፤ በወንጀልም ያስጠይቃል።

ስለዚህ ወጣቶች፣ ስትጠየቁ እውነቱን ተናገሩ። ምሳሌ 28፥13 ምሕረትን የሚያገኘው ኃጢአቱን የሸፈነ ሳይሆን ተናዝዞ የተወ እንደ ሆነ ያስተምረናል። እኛ ሽማግሌዎችም ጌታ ይቅር ያለውን ሰው በድሮ ስሙ አንጥራ። ልጆቻችን የሚዋሹት ብዙ ጊዜ እኛን ፈርተው ነው።

ለወንድማችን ደብዳቤውን ጻፍንለት፦ ይጠቀም ነበር፣ ትቷል፣ ሦስት ዓመት አብሮን ሲመላለስ አይተናል። ቢቀበሉት ደስ ይለናል፤ ባይቀበሉትም ወንድማችን ነው፣ ዋሾ ግን አላደረግነውም።