ሞተር ሲጠፋ ልብ አይጥፋ

ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በሚወርደው መንገድና በግራ ቀኙ ባሉት ቅያሶች የምንኖር ሁሉ እንደምናውቀው፣ መኪና ድንገት ጉልበት አጥቶ መሐል መንገድ ላይ ቀጥ ሲል ማየት የተለመደ ነው። ከኋላ ያለው ክላክሱን ያንባርቃል፤ ረዳቱ ድንጋይ ፍለጋ ይሮጣል፤ የሰፈር ልጆች ሊገፉ ይሰበሰባሉ። አደጋ የሚመጣው በዚህ ግርግር መሐል ነው። ስለዚህ ባለመኪናውም እግረኛውም የሚያደርገውን አስቀድሞ ሊያውቅ ይገባል።

በመጀመሪያ፣ ሞተር ጠፋ ማለት ፍሬን ጠፋ ማለት አይደለም። መሪውና ፍሬኑ ከሞተሩ ያገኙት የነበረው እገዛ ይቀርና መሪው ይከብዳል፣ ፔዳሉ ይጠጥራል እንጂ ሁለቱም ይሠራሉ። በፍሬኑ ሰርቮ ውስጥ የቀረው እገዛ ለአንድ ሁለት ርግጫ ይበቃል። ደንግጦ ፔዳሉን ደጋግሞ መምታት ይህንኑ መጨረስ ነው። አንዴ ጠንከር አድርጎ ረግጦ መያዝ ይሻላል። እገዛው ካለቀም በሙሉ ጉልበት ከተረገጠ ይይዛል።

ሁለተኛ፣ መኪናው እየሄደ ቁልፉ አይነቀልም። ቁልፍ ከተነቀለ መሪው ሊቆለፍ ይችላል፤ ያኔ በቃ፣ መኪናው ወደፈለገው ይሄዳል። አራቱንም ፍሬቻ አብርቶ፣ ፍጥነቱ ሳያልቅ ወደ ቀኝ ዳር መያዝ ነው። ዳገት ላይ ከሆነ ወደ ኋላ መንሸራተት ሳይጀምር ፍሬን መያዝ፣ የእጅ ፍሬን መሳብ፣ አንደኛ ማርሽ ማስገባት። ቁልቁለት ላይ ከሆነ ደግሞ ማርሹን አለመልቀቅ፤ ማርሽ የያዘ ሞተር ቢጠፋም መኪናውን ይገታል።

አንዳንድ ሾፌሮች ነዳጅ ለመቆጠብ ብለው ቁልቁለቱን ሞተር አጥፍተው በፎሌ ይወርዳሉ። ይህ አደጋን በገዛ እጅ መጥራት ነው። ቁጠባውም ቢሆን የለም፤ በዛሬዎቹ ኢንጀክሽን መኪኖች ማርሽ ይዞ ነዳጅ ሳይረግጡ ሲወርዱ ሞተሩ ነዳጁን ራሱ ይዘጋል።

መንስኤውንም እንመልከት። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ አየሯ አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚያው ልክ ይደክማል። የተዘጋ የነዳጅ ፊልትሮ ወይም ያረጀ ካንዴላ ሲታከልበት ዳገቱ ላይ ይቆማል። ታንከሩ ሊያልቅ ሲልም ነዳጁ ዳገት ላይ ወደ አንድ ጎን ይሸሽና ፖምፓው አየር ይስባል። የኤሌክትሪክ መኪናም ባትሪው ሊያልቅ ሲል ኃይሉን ይቀንሳል። ብዙ ጊዜ ሞተሩ መንተፋተፍና መንገጫገጭ ሲጀምር ይናገራል፤ ሳይቃጠል በቅጠል ነውና ያኔውኑ መካኒክ ማሳየት ነው።

ለነዋሪው ደግሞ ሦስት ነገር አደራ እንላለን። ዳገት ላይ የቆመ መኪና ከኋላው ገብቶ አይገፋም፤ ከተንሸራተተ የሚያመልጥ የለም። ልጆቻችንን እንከልክል። ከጎማው ሥር ድንጋይ የሚያስገባም ከጎን ሆኖ ያስገባ። ሦስተኛውና ሁሌ የሚረሳው ድንጋዩ ራሱ ነው። መኪናው ተነሥቶ ሲሄድ ድንጋዩ አስፋልት ላይ ይቀራል፤ ማታ ለሞተር ሳይክል ነጂ መውደቂያ ይሆናል። ያስቀመጠው ካላነሣው ያየው ያንሣው። የማን ነው ሳንል፣ መንገዱ የጋራችን ነውና።