«ዶክተር፣ ከልጄ ጋር መጫወት ብቻ ነው ሥራዋ!»

«ብር ከፍዬ ልጄን ለጨዋታ ነው እንዴ የማመላልሰው? ደግሞ እኮ ገና ተማሪ ናት!»

እንዲህ ያሉኝ የ6 ዓመት ልጅ እናት ናቸው (ማንነታቸው እንዳይታወቅ ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ)። አባቱ ለሥራ ውጭ አገር ከሄደ ወዲህ ልጁ፣ ከተወው ስንት ጊዜ በኋላ፣ አልጋው ላይ መሽናት ጀመረ። ሽንቱን መረመርን፤ ኢንፌክሽንም ስኳርም የለበትም። ስለዚህ በሥልጠና ላይ ወዳለች የሕፃናት ሳይኮሎጂስት ላክኋቸው።

ወላጆች፣ የእናትየው ቅሬታ ይገባኛል፤ ግን አልስማማበትም። ለምን?

1. ጨዋታው ራሱ ሕክምና ነው። ትልቅ ሰው «ጨንቆኛል» ይላል። ትንሽ ልጅ ግን የከበደውን በአሻንጉሊትና በሥዕል ነው የሚናገረው። አሜሪካዊቷ ቨርጂኒያ አክስላይን በ1947 እ.ኤ.አ. ስለ ጨዋታ ሕክምና ባሳተመችው መጽሐፍ ካስቀመጠቻቸው መርሆች አንዱ «ልጁ ይምራ፣ ባለሙያው ይከተል» የሚል ነው።

2. የቀድሞ ሥራዋ ጠቅሟታል። ይህች ሠልጣኝ የመዋዕለ ሕፃናት አስተማሪ ነበረች። መሬት ላይ ተቀምጣ ልጅ መጠበቅ ትችላለች። ታዋቂዋ አና ፍሮይድም ወደዚህ ሙያ ከመግባቷ በፊት ቪየና ውስጥ አስተማሪ ነበረች።

3. ሠልጣኝ ብቻውን አይሠራም። ከጀርባው ሥራውን የሚገመግም ልምድ ያለው ሱፐርቫይዘር መኖር አለበት። ይህን መጠየቅ መብታችሁ ነው፦ «ማን ይከታተልሻል? ግባችን ምንድነው? እኔስ ቤት ምን ላድርግ?» ሱፐርቫይዘር ከሌለ ያኔ ስጉ!

ልጁስ? እኔ ክፍል ውስጥ መሬት መሬት ሲያይ ነበር የወጣው። እሷ ጋ በአራተኛው ቀን አሻንጉሊቶቹን ይዞ፣ «ትልቁ ሰውዬ የሄደው ትንሹ ስለረበሸ ነው» አለ። ለካ አባቱ በእሱ ጥፋት የሄደ መስሎት ነው! እኔ ነጭ ጋውን ለብሼ በ10 ደቂቃ ውስጥ ይህን አላገኘውም ነበር። አባቱ በቪዲዮ ደውሎ «በአንተ ምክንያት አይደለም የሄድኩት» አለው። ሽንቱ በአንድ ቀን አልቆመም፤ ግን እየቀነሰ ነው።

እባካችሁ፣ አልጋ ላይ የሸና ልጅ አትምቱ፣ ሰው ፊት አታሳፍሩ። መጀመሪያ አስመርምሩት። ከዚያ በቀን 15 ደቂቃ ስልካችሁን አስቀምጡና እሱ በመረጠው ጨዋታ አብራችሁት ተጫወቱ።

ለሌሎች ወላጆች ሼር አድርጉላቸው።