ማዳበሪያው ለማሳ እንጂ ለወንዝ አይደለም



ዩሪያ ሰብላችንን አሳምሮልናል፤ ይህን ማንም አይክደውም። ግን እስከ ዛሪማ ወንዝ አፋፍ የበተንነው በክረምት ጎርፍ ታጥቦ ውሃችን ውስጥ ነው የሚገባው። ጣናን ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያስጨነቀው እምቦጭ የሚፋፋበት አንዱ ምክንያት ከማሳ የታጠበ ማዳበሪያ ነው። «የኛ ወንዝ ይሮጣል» የሚል አለ። ይሮጣል፤ ግን ከሱ የሚቀዳ ሰው አለ። ከማዳበሪያ የሚመጣውን ናይትሬት ማፍላት አያጠፋውም፤ ስድስት ወር ላልሞላው ሕፃን ደግሞ አደገኛ ነው።

ሐሳቤ ይኸ ነው፦ ከአፋፉ ሃያ እርምጃ ሳይታረስ ሣር ይብቀልበት፣ ሰማዩ ለዶፍ ሲጠቁር ዩሪያ አይበተን፣ ከረጢቱም ወንዝ ውስጥ አይታጠብ። የእኔም ማሳ ወንዝ ዳር ነው፤ ሃያ እርምጃ መተው ያንገበግባል። ቢሆንም እኔ እጀምራለሁ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ ተነጋግረን እንወስን።

የማህበሩ ጸሐፊ