ቀበቶን ማን ያጥባል?

ወንጀለኛን የሚያጋልጠው ብዙ ጊዜ ታላቁ ነገር ሳይሆን ትንሹ ነው።

ነሐሴ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. በናይሮቢ ከተማ በአሜሪካ ኤምባሲ ላይ በተጣለው አደጋ 213 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱም የሚበዙት በነገሩ የሌሉበት ኬንያውያን ነበሩ። ከጥቂት ቀናት በኋላ መሐመድ አል ኦውሃሊ የተባለ ሰው ተያዘ። እርሱም በፍንዳታው የቆሰለ መንገደኛ መሆኑንና የለበሰውም የዚያኑ ዕለት ልብስ መሆኑን ተናገረ።

የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ ባልደረባ የነበሩት ሚስተር ስቲቨን ጎዲን ግን አስተዋሉት። የጀርባው ቁስል ተሰፍቷል፤ በልብሱ ላይ ደም የለም። ልብስስ ታጥቦ ይሆናል እንበል፤ ቀበቶን ግን ማን ያጥባል? ቀበቶውም ፍጹም ንጹሕ ነበር! በቤቱ ልብስ የሚያጥብ ሁሉ የዚህን ትርጉም ያውቀዋል።

ኋላም ሰውየው በአሜሪካ ፍርድ ቤት እንዲዳኝ ጠይቆ ሥራውን ተናዘዘ፤ በ1994 ዓ.ም. በኒው ዮርክ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደበት።

ይህ ፍርድ ለሟቾች ቤተሰብ ካሣ አይሆንም። ነገር ግን ቁጣ ብቻውን ቢፈርድ ኖሮ ንጹሑም ከበደለኛው ጋር በተቀጣ ነበር። ስለዚህ ሥልጣን የተሰጠን ሁሉ ከቁጣ በፊት ማስተዋልን እናስቀድም እንላለን።