ከድልድዩ ዕድሜ በፊት የሚሻገረውን ሰው እንቁጠር



ስለ ድልድይ ስንማር አብዛኛውን ጊዜ የምንማረው ስለ አዲስ ድልድይ ነው። የሚጫንበትን ክብደት እናሰላለን፣ ብረቱንና ኮንክሪቱን እንመርጣለን፣ ፈተናውን ተፈትነን እንወጣለን። የተሠራው ድልድይ ሲያረጅና ገንዘቡ ለሁሉም አልበቃ ሲል የትኛው ይጠገን፣ የትኛው ይዘጋ የሚለውን ግን ማንም አይጠይቀንም። በገጠር ወረዳ የሚመደብ መሐንዲስ ደሞ በየዓመቱ የሚገጥመው ይሄው ጥያቄ ነው። እኔም በዚህ ጉዳይ የበኩሌን ልበል።

ለተግባር ልምምድ በወጣሁበት ወረዳ ከአንድ ባለሙያ ጋር ድልድዮችን እየዞርን ቅጽ እንሞላ ነበር። በቅጹ ላይ ድልድዩ የተሠራበት ዓመት፣ ርዝመቱ፣ የሚታይ ጉዳቱና በቀን የሚያልፍበት መኪና ብዛት ይጻፋል። ለእግረኛ የተተወ ቦታ የለም። ከከተማው መግቢያ ያለው ድልድይ የዳር መከላከያው በመኪና ተገጭቶ ተሰብሯል፤ ብዙ መኪና ስለሚያልፍበት ለጥገና አንደኛ ወጣ። ራቅ ብሎ ያለው ሌላው ድልድይ ከላይ ሲያዩት ደህና ነው። ወንዙ ውስጥ ወርደን ስናየው ግን ጎርፉ የአንዱን ዳር ግንብ መሠረት ከሥር በልቶት፣ እጄን እስከ ክርኔ አስገባሁት። በቀን 6 መኪና ቢያልፍበት ነው፤ ስለዚህ የዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ተጻፈ። ቆመው ሲያዩን የነበሩ አንድ አባት «ልጄ፣ መኪናውን ቆጠራችሁ፤ እኛንስ?» አሉኝ። የምመልስላቸው አልነበረኝም።

እንደኔ እምነት እንዲህ ዓይነቱ አሠራር ሁለት ስሕተት አለበት።

አንደኛው፣ ዓይን የሚስበውን ጉዳት ድልድዩን ከሚጥለው ጉዳት አለመለየቱ ነው። ብዙ ድልድይ የሚወድቀው ከላይ በተጫነበት ክብደት ሳይሆን ውኃ መሠረቱን ከሥር ሲሸረሽረው ነው። በአሜሪካ ኒው ዮርክ ግዛት የስኮሃሪ ክሪክ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ1987 በጎርፍ ወድቆ የ10 ሰዎች ሕይወት የጠፋው በዚህ ምክንያት ነበር። ድልድዩ ለአገልግሎት የተከፈተው በ1954 ስለነበረ በዕድሜ ብቻ ቢመዘን አሮጌ የሚባል አልነበረም። እዚያው አገር በ1967 ሲልቨር ብሪጅ የተባለው ድልድይ ወድቆ 46 ሰዎች ከሞቱ በኋላ አገር አቀፍ የድልድይ ምርመራ ደንብ ወጥቷል። በዚያ አሠራር የላይኛው ንጣፍ፣ ተሸካሚው አካልና ከታች ያለው ግንብና ምሰሶ እያንዳንዳቸው ከ0 እስከ 9 ለየብቻ ነጥብ ይሰጣቸዋል። ጥቅሙ ግልጽ ነው፤ የላዩ ማማር የሥሩን መበስበስ አይሸፍነውም። ይህን ለማድረግ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። ክረምት ከመግባቱ በፊትና ከወጣ በኋላ በሜትርና በዘንግ የመሠረቱን ጥልቀት ለክቶ መመዝገብ ለወረዳ የሚከብድ አይደለም።

ሁለተኛው ስሕተት መኪና ቆጥሮ ሰውን መርሳት ነው። በዓባይ ላይ ያለውን ሰባራ ድልድይ እናስታውስ። በጣሊያን ወረራ ዘመን ከተሰበረ በኋላ ሕዝቡ ለብዙ አሥርት ዓመታት ከወዲህና ከወዲያ በገመድ እየተሳበ ይሻገር ነበር። እዚያ መኪና ቢቆጠር ውጤቱ ዜሮ ነው። ታዲያ ሰው ነፍሱን በገመድ ላይ አንጠልጥሎ የሚሻገረው ድልድዩ ስላላስፈለገው ነው?

እስቲ በቁጥር እንየው። አንዱ ድልድይ በቀን 120 መኪና ያሻግራል እንበል፤ ቢዘጋ የ2 ኪሎ ሜትር ዙሪያ አለው። እያንዳንዱ መኪና 10 ሰው ቢይዝ 1,200 ሰው በድምሩ 2,400 ኪሎ ሜትር ይጨመርበታል። ሌላው 6 መኪናና 400 እግረኛ ያሻግራል፤ ዙሪያው 14 ኪሎ ሜትር ነው። መኪናውን ትተን እግረኛውን ብቻ ብናሰላ 5,600 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ያውም በእግር! ከዚህ ውስጥ ተማሪ አለ፣ ገበያተኛ አለ፣ በቃሬዛ የምትወሰድ ወላድ አለች።

«የአፈር ማዳበሪያውም አምቡላንሱም የሚመጣው በመኪና ነው፤ ገንዘቡም ውስን ነው» የሚል መልስ እንደሚሰጠኝ አውቃለሁ። እውነት ነው፤ የመኪና ቁጥር ይጣል አላልኩም። ብቻውን ዳኛ አይሁን ነው የምለው። በበኩሌ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እመርጣለሁ፦ መጀመሪያ በድንገት የሚወድቀው የትኛው ነው? ቀጥሎ፣ ቢወድቅ ሌላ መሻገሪያ የሌለው ማን ነው? ከዚያ፣ ዘንድሮ በድንጋይና በጋቢዮን የሚድነው፣ ለከርሞ ግን አዲስ ግንብ የሚጠይቀው የቱ ነው? የመኪናው ብዛትና ዕድሜው ከነዚህ በኋላ ይምጡ።

መዝጋትንም ቢሆን አንፍራው። ዙሪያው አጭር ሆኖ ጥገናው የማያዋጣ ድልድይ ቢዘጋ ነውር የለውም። በአሜሪካው ደንብ 3 ቶን መሸከም የማይችል ድልድይ ለመኪና ይዘጋል። ከዚያ በላይ የሚችለው ደግሞ እንደ አቅሙ የክብደት ገደብ ይለጠፍበታል። እኛም ዘንድ አይሱዙ የማይችለው ድልድይ ሰውና አህያ ሊያሻግር ይችላል፤ ይህም ቢሆን መሠረቱ ከታየ በኋላ ነው። ብቻ መዝጋት ማለት እሾህ ጥሎ መሄድ አይደለም። ጽኑ መከላከያ ይቆምበት፣ በገበያ ቀን ለሕዝቡ ይነገር፣ ወንዙ ሳይሞላ ለእግረኛ ሌላ መሻገሪያ ይዘጋጅለት። ይህ ካልተደረገ ሰው እሾኹን አንስቶ ማለፉ አይቀርም፤ ድልድዩ ሲወድቅም «ዝግ ነበር» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

ትምህርት ክፍላችንም ድርሻ አለው። ለተግባር ልምምድ የምንወጣ ተማሪዎች ሁለት ነገር ይዘን ብንሄድ እላለሁ፦ የመሠረቱን ጥልቀት የምንለካበት ዘንግና አንድ ሙሉ ቀን የእግረኛ ቆጠራ። ውጤቱን ለወረዳው ብንሰጥ በቅጹ ላይ የጎደለው ቦታ በእኛ ይሞላል። ያን ጊዜ ለእኚያ አባት ጥያቄ መልስ ይኖረናል።

የተለየ ሐሳብ ያላችሁ ደግሞ ጻፉና እንከራከር። ቸር ያሰንብተን።