ዕድር ቀባሪ ብቻ ሳይሆን ጧሪም ይሁን

የአማርኛ ቋንቋ ሽማግሌ በልጆቹና በወገኖቹ ላይ ያለውን ተስፋ «ጧሪ ቀባሪ» በሚል አጭር አነጋገር ጠቅልሎ ያስረዳል። በዚህ አነጋገር ጧሪው ይቀድማል፤ ቀባሪው ይከተላል። በንግድ ሠፈሮች ያለው ልማድ ሲመረመር ግን ቀባሪው በሚገባ ሲደራጅ ጧሪው ሳይደራጅ መቅረቱ ይታያል። ሠላሳና አርባ ዓመት በመጋዘን በር ጭነት ሲያወርድና ሲያወጣ የኖረ ሰው በሞተ ዕለት ድንኳን ይተከልለታል፤ ዕድርተኛው ይሰበሰባል፤ ወጪውም ሳይጓደል ይከፈላል። ይኸው ሰው ጉልበቱ ደክሞ ከቤት በዋለባቸው ዓመታት ግን ምን በልቶ እንዳደረ የሚጠይቀው ጎረቤት እንጂ ማኅበር አልነበረም።

ይህ መባሉ ዕድርን ለመንቀፍ አይደለም። ዕድር ያለ መንግሥት ትእዛዝ በአባሎቹ ፈቃድ የቆመ፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ያለው፤ ወርኃዊ መዋጮውን በደብተር የሚመዘግብ፤ የቀረውንም አባል የሚቀጣ ማኅበር ነው። አስመጪውና ባለ ትንሽ ሱቁ በአንድ ድንኳን ሥር እኩል ይቀመጡበታል። እንዲህ ያለ የተደላደለ ድርጅት እያለ ለአረጋውያን ሌላ አዲስ ማኅበር ማቋቋም አያስፈልግም፤ ያለውን ማስፋት ይበቃል።

ከዚያ በፊት ግን ነጋዴው በሕግ የተጣለበትን ግዴታ መፈጸም ይገባዋል። የመንግሥት ሠራተኞች የጡረታ አዋጅ ቁጥር 209 የወጣው በ1955 ዓ. ም. ነበር። የግል ድርጅት ሠራተኛ የራሱን የጡረታ አዋጅ ያገኘው ከ48 ዓመት በኋላ፣ በ2003 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 715 ነው፤ ይህም በ2014 ዓ. ም. በአዋጅ ቁጥር 1268 ተተክቷል። አሠሪው የደመወዙን 11 በመቶ፣ ሠራተኛው ደግሞ 7 በመቶ ያዋጣሉ። ደመወዙ 6,000 ብር ለሆነ የሱቅ ሠራተኛ አሠሪው 660 ብር፣ ሠራተኛው 420 ብር፣ በድምሩ 1,080 ብር በየወሩ ገቢ ይሆንለታል። አንዳንድ ነጋዴ ግን ወጪ የቀነሰ መስሎት ይህንኑ ደመወዝ 2,000 ብር ብሎ ያስመዘግባል። አሠሪው በዚህ በወር 440 ብር ያተርፋል። ጡረታ የሚታሰበው መዋጮ በተከፈለበት ደመወዝ ስለሆነ፣ ሠራተኛው በ60 ዓመቱ ሲሰናበት የሚደርሰው አበል እጅግ ያነሰ ይሆናል። እንዲህ ያለው ትርፍ ከአንድ ሽማግሌ ጉርሻ ላይ የተነሣ ነው።

ሕጉ በሚገባ ቢፈጸም እንኳ ሁሉን አያዳርስም። ተሸካሚው፣ የቀን ሠራተኛው፣ በጉልት የምትቸረችረው ሴት መዋጮ የሚከፍልላቸው ቋሚ አሠሪ የላቸውም። ባለ ሱቁ ራሱም ብዙውን ጊዜ ሱቁን የዘጋ ዕለት ከልጆቹ በቀር ሌላ ዋስትና የለውም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን አረጋውያንን እንዲረዳ ይደነግጋል። ከአቅም በላይ የሆነው ሸክም የሚቀረው ለኅብረተሰቡ ነው።

ስለዚህ የነጋዴዎች ዕድሮች ሦስት ነገር ቢያደርጉ መልካም ነው። አንደኛ፣ ከ60 ዓመት በላይ የሆነውና ገቢ የሌለው አባል የቀብር መብቱ እንደ ተጠበቀ ሆኖ ከወርኃዊ መዋጮ ነጻ ይሁን። ሁለተኛ፣ ከመዋጮው ጥቂቱ በተለየ ሒሳብ እየተቀመጠ ለደከመ አረጋዊ ለእህልና ለመድኃኒት ይዋል። ሦስተኛ፣ ኀዘን በሌለበት ቀን ተዘግቶ የሚውለው የዕድር ቤት ለአረጋውያን መዋያ ይሁን፤ በዚያ ቡና ይጠጡ፤ የነጋዴዎችን ክርክር በሽምግልና ይመልከቱ፤ ጀማሪውን ነጋዴ ይምከሩ። ብቸኝነት ለሽማግሌ ከራብ የማይተናነስ ሕመም ነውና።

«ሞት ቀን አይሰጥም፤ ገንዘቡ ለጡረታ ካለቀ ቀብሩ በምን ይፈጸማል?» የሚል ተቃውሞ መነሣቱ አይቀርም። ፍርሃቱ ተገቢ ነው፤ የተለየ ሒሳብ ማስፈለጉም ስለዚሁ ነው። የቀብሩ ገንዘብ ሳይነካ፣ አባሎቹ በጠቅላላ ጉባኤ የወሰኑት ጥቂት ጭማሪ ብቻ ለአረጋውያን ይውላል። ነገሩ እንደሚቻልም ምስክር አለ። በአዲስ አበባ አንዳንድ ዕድሮች ከቀብር አልፈው ሕሙማንንና ወላጅ የሌላቸውን ልጆች መርዳት ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። በ2002 ዓ. ም. በዚያው ከተማ የተቋቋመው መቄዶንያም ጧሪ ያጡ አረጋውያንን የሚይዘው ሕዝብ በሚያዋጣው ገንዘብ ነው።

ነጋዴ ዕዳው የሚከፈልበትን ቀን ያውቃል። ለደከመው ባልንጀራና ለአሮጌው ሠራተኛ የሚገባው ዕዳ የሚከፈለው በሕይወት ሳሉ ነው። በሚመጣው የዕድር ስብሰባ ጸሐፊው ይህን ጉዳይ በአጀንዳው ላይ ቢያሰፍር፣ ዳኛውም ለአባሎቹ ውሳኔ ቢያቀርበው፣ ዕድሩ ቀባሪ ብቻ መሆኑ ይቀርና ጧሪም ይባላል።